ከምንጩ በላይ ያለው ጥላ

ጎሹ ዋቆ ገጀራውን ከሰገባው ከማውጣቱ በፊት መሬት ላይ በጀርባው ይተኛል። ከወናጎ ከተማ በላይ ባሉት ተዳፋት ጓሮዎች ይህን ልማዱን የማያውቅ የለም። ባለጓሮው ሊያሠራው ጠርቶት፣ ቁርስ አብልቶት፣ «እንግዲህ በርታ» ብሎት ቆሞ ሲጠብቅ፣ እርሱ ገመዱን ከትከሻው አውርዶ፣ ባርኔጣውን ከጎኑ አስቀምጦ፣ ከቡናው እግር ሥር በረገፈው ቅጠል ላይ ይዘረጋና ወደ ላይ ያያል። አይናገርም፤ ቢያናግሩትም አይመልስም። «ጎሹ ቤቱ ያልጨረሰውን እንቅልፍ እኛ ጓሮ ሊጨርስ መጣ» እያሉ ይቀልዱበታል። ቀልዱ አዲስ አይደለም፤ አባቱም እዚያው ቅጠል ላይ እየተኛ፣ እየተቀለደበት ኖሮ ነው ያለፈው።

ጎሹ ጥላ መልማይ ነው። በጌዴኦ ቡና ብቻውን አይቆምም። ከበላዩ ዋንዛ፣ ብርብራና ኮርች ይዘረጋሉ፤ ከጎኑ እንሰት አለ፤ ከሥሩ ጎደሬና ጎመን ይበቅላል። ቡናው ተለቅሞ ካለቀ በኋላ፣ የበልጉ ዝናብ ከመምጣቱ በፊት፣ ረጃጅሞቹ ዛፎች ላይ ወጥቶ የበዛውን ቅርንጫፍ የሚያነሳ፣ የሚያስፈልገውን የሚተው ሰው የግድ ነው። ሥራው ከሩቅ ሲያዩት የጉልበት ይመስላል። ለሚያውቀው ግን ከመቁረጡ ይልቅ የሚከብደው መተዉ ነው።

ተኝቶ የሚያየው ሰማዩን ነው። ሰማዩ በቅጠሎቹ መካከል ተቆራርጦ፣ ትንንሽ ሆኖ መታየት አለበት። ቁርጥራጮቹ ተገናኝተው ሰፊ ከሆኑ ጥላው ሳስቷል፤ ከነጭራሹ ከጠፉ ደግሞ ቡናው ታፍኗል። ነገሩም የብርሃን ብቻ አይደለም። በበጋ ከሰዓት በኋላ ከአባያ ሜዳ የሚነሳው ደረቅ ነፋስ ሽቅብ ይወጣል። ቅጠል ካገኘ ይደክማል፤ ካጣ በቀጥታ አፈሩ ላይ ያርፍና እርጥበቱን ጠራርጎ ይወስዳል። ከቡሌ በኩል የሚወርደው ጉም በተራው ጠዋት ጠዋት ቅጠሉ ላይ ተንጠልጥሎ ይንጠባጠባል። የዝናቡ ጠብታ ከዋንዛው ወደ እንሰቱ ኮባ፣ ከኮባው ወደ ረገፈው ቅጠል እየተቀባበሉት ጉልበቱን ጨርሶ መሬት ይደርሳል። መሬቱ ቀስ ብሎ ይጠጣዋል፤ የጠጣውንም በጊዜው ከተዳፋቱ ግርጌ በምንጭ ይመልሳል። የረገፈው ቅጠል አፈር ይሆናል፤ አፈሩ ዛፉን ይሸከማል፤ ዛፉ ነፋሱን ይገራል። ከእነዚህ አንዱ እጁን ቢሰበስብ ሌላው በእግሩ አይቆምም።

ጎሹ ይህን በሙሉ ያውቅ ነበር። ማወቁ ግን ከጥፋት አላዳነውም።

ጥፋቱ የደረሰው በሚስቱ በወለላ ታናሽ ወንድም፣ በነብዩ ጓሮ ነው። ነብዩ ያንን ተዳፋት ከአባቱ የተረከበው በቅርቡ ነበር። ታታሪ ነው፤ ቸኩሎ መበልጸግ ይወዳል። ጓሮው የሚገኘው የጎሹ ቤትም ሆነ ጎረቤቶቹ ከሚቀዱት ምንጭ በላይ ነው። በዚያ የካቲት ጠዋት ጎሹ ገመዱን አውርዶ ሊተኛ ሲል፣ ነብዩ ከአንድ እንግዳ ጋር ቆሞ ነበር። እንግዳው ከዲላ የመጣ፣ በአይሱዙ መኪናው ማገዶ የሚጭን ፈይሰል የሚባል ሾፌር ነው።

«ጋሼ ጎሹ፣ ደህና አደርክ?» አለ ነብዩ። «ወይስ ማደሩን ገና ልትጀምረው ነው?»

«ዝም በል እስኪ፤ ልይበት።»

«ምኑን ታየዋለህ? ያው ነው፤ አምናም ይሄው ነበር። የኮንጋ ሰፈር ሰዎችን ቡና አይተኸዋል? ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ ይይዛል። ለምን? ፀሐይ ያገኛላ! የኔ ቡና እንደ መነኩሴ ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ ይጸልያል።»

ፈይሰል ሳቀ። «ወንድሜ፣ እኔ እኚህን ሰውዬ ሳያቸው ዛፍ የሚቆርጡ አይመስለኝም። የሚያበጥሩ ነው የሚመስለኝ። ዲላ ላይ የሴቶች ፀጉር ቤት ቢከፍቱ ያዋጣቸው ነበር።»

«እውነቱን ነው፤» አለ ነብዩ። «ጋሼ፣ ዘንድሮ ማበጠሩ ይቅርና ላጨው። ወይስ ከላይ ያለው ቅርንጫፍ እየከበደህ ነው? ካቃተህ ምንም አይደል። ከቡሌ የመጣ ጎረምሳ አለ፤ አንድ ሳምንት አይፈጅበትም።»

«ማን ነው ያቃተው?» አለ ጎሹ።

ባርኔጣውን አነሳና መልሶ ራሱ ላይ አደረገ። ገመዱን በወገቡ አዞረ። በዚያን ቀን መሬት ላይ አልተኛም።

ወደ መጀመሪያው ዋንዛ ሲወጣ እጁ ልማዱን ይዞ የሚተወውን ቅርንጫፍ አለፈ። ከሥር «ያበጥራል ስልህ!» የሚል ድምፅ ሰማ። ተመልሶ ቆረጠው። ከዚያ በኋላ መለየት ቀረ። ቀኑ ሲያልቅ በማግሥቱ፣ ያም ሲያልቅ በሌላው ቀን፣ ዛፍ ከዛፍ እየቀጠለ ሁሉንም ላጫቸው። በየጫፋቸው ጥቂት ቅጠል ብቻ ቀርቷቸው እንደ ተነጨ የዶሮ አንገት ራቁታቸውን ቆሙ። «ይሄ ነው ጎሹ!» አለ ፈይሰል እያጨበጨበ። ጎሹ ያን ሁሉ የሠራው ለዚያች ቃል ነበር። ለአንዲት የሾፌር ጭብጨባ የአባቱን ሥራ መለወጡን ያን ጊዜ ቢነግሩት ኖሮ ይቆጣ ነበር።

ሁለተኛ ጥፋትም ነበረ። በጌዴኦ ከጥላ ዛፍ የወረደ ቅርንጫፍ እዚያው ከዛፉ ሥር ይነጠፋል፤ ቅጠሉ ረግፎ፣ በስብሶ ለቡናው ይመለሳል። በዚያን ጊዜ ግን ግንዱም፣ ጭራሮውም፣ ቅጠሉም ሳይቀር በተዳፋቱ ላይ እየተጎተተ እስከ መኪናው ወረደ፤ ከዚያም ተጭኖ ወደ ዲላ ሄደ። መሬቱ ተጠርጎ ቀረ።

ወለላ ጀሪካኗን ይዛ ወደ ምንጭ ስትወርድ መንገዱ ላይ ቆመች። ፀሐይ ኖሮበት በማያውቅ ቦታ ፀሐይ ዓይኗ ውስጥ ገብቶባት ነበር።

«የማን ቤት ነው ጣሪያው የተነሳው?» አለች።

«የወንድምሽ ነዋ፤» አለ ጎሹ ገጀራውን እየጠረገ። «ራሱ ነው ያለኝ።»

«ጓሮውስ የእሱ ነው። ምንጩስ የማን ነው?»

ጎሹ ገጀራውን መጥረጉን ቀጠለ።

በመጀመሪያ የመጣው ውርደት ሳይሆን ሙገሳ ነው። የመጀመሪያው ዝናብ እንደ ጣለ የነብዩ ቡና ከላይ እስከ ታች ነጭ ሆኖ አበበ። ከወናጎ መንገድ ላይ ሆነው እየጠቆሙ የሚያሳዩ ሰዎች ነበሩ። «ማን ነው የሠራው?» ሲባል «ጎሹ» ይባላል። እርሱም ይሰማል። ሰው በጥፋቱ ሲሞገስ ደስ ካለው፣ ወደ እውነቱ የሚመለስበት መንገድ ይረዝማል፤ የጎሹም መንገድ የረዘመው በዚያ አበባ ምክንያት ነው።

ዝናቡ በሚያዝያ በረታ። ጠብታው የሚቀበለው ቅጠል አላገኘምና ባዶውን አፈር እንደ ጠጠር ደበደበው። አፈሩ መጠጣት አቃተው፤ በላዩ ቅርፊት አበጀና ውኃውን ወደ ታች ገፋው። ውኃውም አፈሩን ይዞ ሄደ። ምንጩ ቀላ።

አንድ ጠዋት ወለላ ብርጭቆ ይዛ መጣች። «ና፣ ሻይህን ጠጣ።»

ጎሹ ብርጭቆውን አየ። «ወፍሯል እኮ። ሻይ ቅጠሉን አበዛሽው።»

«ሻይ ቅጠል ገና አልገባበትም፤» አለችው።

«ይጠራል። ዝናቡ ሲያባራ ይጠራል።»

ዝናቡ ሲያባራ እውነትም ጠራ፤ ነገር ግን ሳሳ። በመኸር የነብዩ ቡና ከተጠበቀው በላይ ያዘ። ነብዩ ደረቱን ነፍቶ ከረመ። ከአቅሙ በላይ የተሸከመው ቡና ግን ፍሬው ከተለቀመ በኋላ ከቅርንጫፉ ጫፍ ጀምሮ መድረቅ ያዘ። ጥላ የለመደው እንሰት ኮባው ተቃጠለ፤ የቀረውን ነፋሱ ተለተለው። በጥር ከአባያ የሚነሳው ነፋስ ሲመጣ የሚያደክመው አላገኘም። ከምንጩ የሚወርደው ውኃ ቀጥኖ እንደ ክር ሆነ። የጀሪካኑ ሰልፍ ከምንጩ እስከ ቡናው ዳር ተዘረጋ፤ ጎረቤታሞች «እኔ ነኝ የቀደምኩት» እየተባባሉ ተጓተቱ። አቅም ያላቸው ሸንተረሩን ተሻግረው ከሌላ ምንጭ ይቀዱ ጀመር። አቅም የሌላቸው ቆመው ይጠብቃሉ። ወለላም ከሚጠብቁት መካከል ነበረች፤ ቤቷ ስትመለስም ለባሏ አንዲት ቃል አትናገርም።

ነገሩ ሶንጎ ላይ ደረሰ። ሶንጎ የጌዴኦ ሽማግሌዎች ተቀምጠው የአካባቢውን ጉዳይ የሚያዩበት ሸንጎ ነው። በመካከል የተቀመጡት አባባ ጅግሶ ይባላሉ፤ ዝግ ብለው የሚናገሩ፣ መልስ ሳያገኙ ከጥያቄያቸው የማይነቀነቁ ሽማግሌ ናቸው።

ነብዩ አስቀድሞ ተነሳ። «ላጨው ያልኩት እኔ ነኝ። ቡናዬም ደርቋል፤ ቅጣቴን ከዚያው አግኝቼዋለሁ። የምትጨምሩብኝ ካለ ጨምሩ።»

ጎሹ ግን ጥፋቱን እንዲህ በቀላሉ አላመነም። «የጓሮው ባለቤት አዘዘ፤ እኔ ቆረጥኩ። የእኔ ጥፋት የቱ ላይ ነው?» አለ።

«ነብዩ ፀሐይ ፈለገ፤» አሉ አባባ ጅግሶ። «ፀሐይማ ሕፃንም ይፈልጋል። አንተ ግን ዛፍ ላይ ከመውጣትህ በፊት መሬት ላይ ትተኛለህ ሲሉ እሰማለሁ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው አባባ። አባቴም እንደዚያ ነበር።»

«የዚያን ቀን ተኝተሃል?»

ጎሹ መሬት መሬት አየ።

«ጠየቅኩህ እኮ።»

«አልተኛሁም።»

«ለምን?»

«ሳቁብኝ።»

ከኋላ አንድ ሰው ፍርፍር ብሎ መሳቅ ጀመረና ሽማግሌው ቀና ሲሉ አቆመ።

በዚያ አካባቢ ብዙ ዓይነት ጥፋት ተዳኝቷል፤ ድንበር የገፋ፣ የሰው ከብት የነዳ፣ የተጣላ። ይህ ግን ለየት ያለ ነበር። ጎሹ አልሰረቀም፤ አልዋሸም፤ የታዘዘውን ሠራ። የጎደለው መሳቂያ የመሆንን ጥቂት ደቂቃ መታገሥ ብቻ ነው። እጅግ ትንሽ የምትመስለው ይህች ጉድለት የስንት ቤት ውኃ ይዛ እንደ ሄደች ግን ሁሉም ያውቅ ነበር።

«ገመድህን አምጣ፤» አሉ አባባ ጅግሶ።

ገመዱ ከእንሰት ቃጫ የተገመደ፣ ጎሹ ወገቡን ከግንድ ጋር የሚያስርበት ነው። አውርዶ ሰጣቸው።

«ዝናቡ በሚበረታበት ወር ምንጩ የጠራ ውኃ እስኪሰጥ ድረስ ይህ ገመድ እኔ ቤት ይሰቀላል። እስከዚያ ዛፍ ላይ አትወጣም፤ የማንም ዛፍ ላይ። ነብዩ፣ ያንን ተዳፋት አንተና አማችህ አብራችሁ ታለብሱታላችሁ። ጨረስኩ።»

ጎሹ የሚበላው አልጠፋም፤ የራሱ ጓሮ እንሰትም ቡናም አለው። የጠፋው ሌላ ነው። ከወጣትነቱ ጀምሮ በዚያ ተዳፋት የሚታወቀው ከላይ ሆኖ ነበር፤ አሁን ከሥር ቀረ። ገመዱ ካልተመለሰ የአባቱ ሙያ በእርሱ ላይ፣ ያውም በውርደት፣ ያልቃል።

ሥራው ወዲያው ተጀመረ። ከተቆረጡት ዛፎች ጎን የፈነዱትን ቀንበጦች እየመረጡ ጠንካሮቹን አስቀሩ። ኮርች ከቅርንጫፉ ተቆርጦ ሲተከል ይይዛልና በየባዶው ቦታ ተከሉት። የእንሰት ችግኝ አዛወሩ። ጎሹ ከራሱ ጓሮ የረገፈ ቅጠል በጆንያ እየተሸከመ አምጥቶ ቡናው እግር ላይ ነሰነሰው። ነብዩ ወገቡን ይዞ ያቃስታል።

«ጋሼ፣ ስንቆርጠው እንደዚህ አልደከምንም ነበር።»

«ያኔ ሥራው ቁልቁል ነበር፤ አሁን ዳገት ነው።»

«ፈይሰልስ? ሲያጨበጭብ አብሮን ነበር።»

«ያጨበጨበውን ተወው፤ ጭብጨባ ሰምቶ የቆረጠው ያስተካክል» አለና ጎሹ ጆንያውን አራገፈ።

የምልመላው ወቅት ተመልሶ ሲመጣ ከቡሌ የመጣው ጎረምሳ የጎረቤት ዛፍ ላይ ታየ። ጎሹ ከሥር ሲያልፍ ልጁ መቆረጥ የሌለበትን ሲቆርጥ አየ። አይቶም መንገዱን ቀጠለ። ምን ብሎ ይናገራል? እንዳይናገር የከለከለው ሶንጎው ሳይሆን የገዛ ጥፋቱ ነበር።

በዚያ ዓመት ሚያዝያ ምንጩ እንደገና ቀላ፤ ከፊተኛው ግን ቀለል ብሎ። በተከታዩ ዓመት ጭራሽ ተሻለው። ጎሹ ልቡ ሞላ። ዝናቡ በበረታበት ቀን ከምንጩ በብርጭቆ ቀድቶ፣ በእጁ ሸፍኖ፣ አባባ ጅግሶ ቤት ሄደ። ገመዱ ግድግዳው ላይ በምስማር ተሰቅሎ አየው።

«አባባ፣ ይኸው። ጠርቷል።»

ሽማግሌው ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሱትና መልሰው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «ተቀመጥ። እስኪረጋ እናውራ።»

ስለ ከብት አወሩ፤ ስለ አንድ ሠርግ አወሩ፤ ጎሹ ግን አንዱንም አልሰማም። በመጨረሻ ሽማግሌው በጣታቸው ወደ ብርጭቆው አመለከቱ። ከሥሩ ቀይ ዝቃጭ ተኝቷል።

«ገመዱ ደህና ነው፤» አሉ። «ምስማሩም ጠንካራ ነው።»

ጎሹ ተቆጣ። «ከዚህ የጠራ ውኃ ከሰማይ ብቻ ነው የሚመጣው አባባ!»

«ከሰማይማ ሁልጊዜ ጠርቶ ነው የሚመጣው። የሚደፈርሰው እኛ ጋ ሲደርስ ነው።»

ጎሹ ሳይሰናበት ወጣ። ዝናቡ አሁንም ይወርድ ነበር። ወደ ቤቱ መግባት ሲገባው በንዴት ቀጥታ ወደ ተዳፋቱ ወጣ፤ ቅላቱ ከየት እንደሚመጣ በዓይኑ ሊያይ ፈለገ። ከዛፎቹ ሥር ያለውን አፈር ነካው፤ ቅጠል ለብሷል፤ ውኃው ወደ ውስጥ ይገባል። የእንሰቱን መደብ አየ፤ ከዚያም የሚወርደው ጠርቶ ነው። እየተከተለ ወረደ። በመጨረሻም አገኘው። ከላይ እስከ መኪናው መቆሚያ ድረስ የተዘረጋ ቦይ፣ እንደ ደም ሥር፣ ቀይ ውኃ ይዞ ወደ ምንጩ ይጋልባል።

ቦዩን ማን እንደ ቆፈረው መጠየቅ አላስፈለገውም። ቅርንጫፎቹ እየተጎተቱ የወረዱበት መስመር ነው። የግንዱ ጫፍ አፈሩን ፈቅፍቆ ጀመረው፤ ዝናቡ አገኘውና አሰፋው። ጎሹ ያረመው የቆረጠበትን ብቻ ነበር። ጠርጎ ያስወሰደበትን ረስቶታል። ሰው ከጥፋቱ የሚታየውን ክፍል አስተካክሎ የማይታየውን እዚያው ሲተወው፣ ራሱን የካሰ ይመስለዋል። ጎሹም ብርጭቆ ይዞ እስከ ሽማግሌ ቤት የሄደው በዚህ ምክንያት ነው። በዝናቡ ወደ ነብዩ ቤት ወርዶ በሩን መታ።

«ነገ ድንጋይ ያስፈልገናል፤» አለው።

ድንጋይ በዚያ ተዳፋት አይገኝም፤ ከወንዙ ዳር መምጣት አለበት። ነብዩ ስልኩን አውጥቶ ፈይሰል ጋ ደወለ። ፈይሰል መጀመሪያ ቀለደ፤ ቀጥሎ ምን እንደ ሆነ ጠየቀ። በሳምንቱ አይሱዙው ድንጋይ ጭኖ፣ እያቃሰተ ዳገቱን ወጣ።

«እናንተ ሰዎች፣» አለ ፈይሰል ከመኪናው እየዘለለ፣ «እዚህ ቦታ ስመጣ ባዶዬን መጥቼ ሞልቼ ነበር የምመለሰው። ዛሬ ተገለበጠብኝ።»

«ይልመድብህ፤» አለ ጎሹ።

ፈይሰል እጅጌውን ሰብስቦ ድንጋይ አቀበለ። የሰው ልጅ ሊያደርገው የሚገባውን ሲያደርግ ማጋነን አያስፈልግም፤ ቢሆንም ማድረጉ ይነገርለት። ቦዩን በየመደቡ በድንጋይ ገደቡት፤ ከድንጋዩ ጀርባ አፈር የሚይዘውን ደሾ ሣር ተከሉ፤ ከሣሩ ጎን እንሰት። ጎሹ ከዚያ ወዲህ ከዛፉ የወደቀ ጭራሮ እንኳ ከዚያ ተዳፋት እንዳይወጣ ጠበቀ። አንዴ ነብዩ ለማገዶ ብሎ አንድ እቅፍ ሲወስድ አይቶ አስመለሰው፤ ሁለቱም እየተሳደቡ ሥራቸውን ቀጠሉ።

ለውጡ የመጣው ማንም ሳያውጅ ነው። ጠዋት የሚወርደው ጉም ቡናው ላይ ረፈድ እስኪል መቆየት ጀመረ። አፈሩን ሲጭሩት የምድር ትል ተገኘ። ምንጩ ዳር ጠፍተው የነበሩት እንቁራሪቶች ተመልሰው ጮኹ። ሶሪት የምትባለው ቀይ ክንፍ ወፍ በዋንዛው አዲስ ቀንበጥ ላይ አረፈች። የነብዩ ቡና እንደዚያ ዓመት አልጎበጠም፤ የያዘውን ግን ሳይደርቅ ተሸከመው። በጥር ውኃው ቀጠነ እንጂ ክር አልሆነም፤ ሰልፉም አጠረ።

በሚቀጥለው ሚያዝያ፣ ሌሊቱን ሙሉ ዘንቦ ባደረበት ጠዋት፣ ወለላ ከምንጭ ተመልሳ ከጀሪካኑ በነጭ የሸክላ ስኒ ቀዳች። ስኒውን ጎሹ ፊት አኖረችና ሥራዋን ቀጠለች። ጎሹ አየው። አልነካውም። ጠብቆ ጠብቆ እንደገና አየው። የስኒው ነጭ ግርጌ እንደ ነበረ ይታያል።

«ሻይ ቅጠል አለሽ?» አላት።

«አለኝ፤» አለችው። «ቆይቶብኛል።»

አባባ ጅግሶ ጎሹ ያመጣላቸውን ስኒ አዩ። ውኃውን ጠጡት፤ ተነስተው ገመዱን ከምስማሩ አወረዱ። ነገር ግን ገመዱ በቤቱ ጭስና በዓመታቱ ብዛት ደርቋል፤ ጎሹ ሲጎትተው ክሩ ተበጣጠሰ።

«ይህን ይዘህ ብትወጣ ትወድቃለህ፤» አሉ ሽማግሌው። «እኔ እንድትመለስ ነው የፈረድኩት እንጂ እንድትሞት አልፈረድኩም።»

ቤቱ ሲመለስ ወለላ ከጓዳ አንድ ጥቅል አምጥታ እግሩ ሥር ጣለችለት። አዲስ ገመድ ነው። በዚያ ተዳፋት ኮባው ተቃጥሎ ከተረፈው እንሰት፣ ሲፋቅ የወጣውን ቃጫ እያስቀመጠች ገምዳዋለች። መቼ እንደ ጀመረች አልነገረችውም፤ እርሱም አልጠየቃት። በዚያ ቤት ይቅርታ በቃል ሲነገር ተሰምቶ አያውቅም።

ወቅቱ ደረሰ። ጎሹ የመጀመሪያውን ዛፍ ከነብዩ ጓሮ፣ ከምንጩ በላይ ካለው መረጠ። ገመዱን አውርዶ፣ ባርኔጣውን ከጎኑ አስቀምጦ በቅጠሉ ላይ ተኛ። የመንገዱ ሰዎች አልፈው ሲሄዱ «ጎሹ ነቃ ስንል ደግሞ ተኛ!» ብለው ሳቁ። ሳቁን ሰማው፤ ተኝቶም ቆየ።

ከዚያ ወጣ። ጥቂት ቅርንጫፍ አነሳ፤ ብዙውን አለፈ። ነብዩ ከሥር አንገቱን አቅንቶ ይከታተላል። ቡናውን አየ፤ ዛፉን አየ፤ በመጨረሻም ያው የድሮው ነገር ያዘው።

«ጋሼ! በቀኝህ ያለውን ወፍራሙን! እሱን ብቻ! ስንት ቡና ሸፍኖብኛል እኮ!»

«አይቆረጥም።»

«አንዲት ቅርንጫፍ ናት!»

«አውቃለሁ። ከእሷ በታች ምን እንዳለም አውቃለሁ።»

«ጓሮው እኮ የኔ ነው!»

«ጓሮው ያንተ ነው፤ ገጀራው የኔ ነው። ካሰኘህ ራስህ ውጣና ቁረጣት፤ ገመዱን አውስሃለሁ።»

ነብዩ የዛፉን ቁመት በዓይኑ ለካ። «ታበጥራለህ አሁንም!» ብሎ ጮኸ።

«አዎ፤» አለ ጎሹ ከላይ። «አበጥራለሁ።»

ነብዩ ሊቆጣ ጀምሮ ሳቁ አመለጠው። የወረዱትን ቅርንጫፎች አንድ በአንድ ሰብስቦ ቅጠሉን ወደ ታች፣ በቡናዎቹ እግር ላይ አነጠፋቸው፤ አንዱንም ወደ መንገዱ አላወረደም። ጎሹ ከግንዱ ተጠግቶ ወደ ታች ሲያይ ወለላ ጀሪካኗን ይዛ በመንገዱ ላይ ስትወርድ አያት። አንድ ጊዜ ቀና ብላ ጣሪያውን አየችና መንገዷን ቀጠለች። ጎሹ ወፍራሙን ቅርንጫፍ በመዳፉ ያዘው፤ ተደግፎበትም ወደሚቀጥለው ተሻገረ።